የክረምቱ ማብቂያና የጉራጌ ጓሮ



«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፤ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለው ብሂል በአገራችን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ከነሐሴ 13 ቀን በኋላ ሰማዩ መገለጥ፣ ወንዙም መጉደል መጀመሩን ያስተዋለ ገበሬ የተናገረው በመሆኑ እውነትነት አለው። ሆኖም የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን አቆጣጠር ገልጠን ስንመለከት ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን፣ የሚወጣውም መስከረም 25 ቀን ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ሒሳብ ርእሰ ዐውደ ዓመትም፣ ደመራም፣ መስቀልም የሚውሉት በክረምት ውስጥ ነው። ችቦው ተለኩሶ፣ የደመራው አመድ በግንባር ላይ በትእምርተ መስቀል ተቀብቶ፣ በዓሉም በሰላም ውሎ ካለፈ በኋላ እንኳ ስምንት የክረምት ቀናት ይቀራሉ።

ስምንት ቀን ለከተሜው ምንም አይደለም። ጓሮው ጓዳው ለሆነለት ቤተሰብ ግን የዓመቱ ድካም የሚፈተንበት ጊዜ ነው። በዛሬው የበዓል ጽሑፋችን የክረምቱ መጨረሻ የመስቀል በዓል ከሁሉ ይልቅ ደምቆ በሚከበርበት በጉራጌ ምድር፣ በተለይም በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞችና በዙሪያቸው፣ በጓሮና በዕለት ኑሮ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለመመልከት ወደናል።

አስቀድመን ስለ አቆጣጠሩ ጥቂት እንበል። ክረምት የሚለው ቃል «ከረመ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህን ወቅት በሰባት ንዑሳን ክፍሎች ከፍለው ያስተምሩታል። የመጀመሪያው ዘርና ደመና የሚነገርበት ነው፤ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ የሚታሰቡበት ይከተላል። በነሐሴ አጋማሽ ዕጓለ ቋዓት፣ ማለትም የቁራ ልጆች፣ እንዲሁም ደሰያትና ዓይነ ኵሉ የሚባለው ክፍል ይገባል። ከዚያም የጎሕና የጽባሕ፣ የብርሃንና የመዓልት ጊዜ ይሆናል። በመጨረሻ ዮሐንስ፣ ፍሬና መስቀል ይመጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ ልባችንን የሚነካው የቁራ ልጆች የሚታሰቡበት ሰሞን ነው። ላባ ሳያወጡ በእናታቸው የተተዉት ጫጩቶች ወደ ፈጣሪያቸው ጮኸው ምግባቸውን እንደሚያገኙ በመዝሙረ ዳዊት ትርጓሜ ይነገራል። ሊቃውንቱ ይህን ምሳሌ በነሐሴ ማስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ የዘንድሮው ደግሞ ገና በእሸትነት እንኳ ያልደረሰበት ወር ነውና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ንግሥት ዕሌኒ መስቀሉን ለማግኘት ቁፋሮ ያስጀመረችው መስከረም 17 ቀን፣ መስቀሉም የወጣው መጋቢት 10 ቀን እንደሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ይሁንና በኢየሩሳሌም ዝናብ የሚጀምረው የእኛ ዝናብ በሚያበቃበት ሰሞን ነው፤ እዚያ ብርዱና ዝናቡ በአንድነት የሚመጡት ከጥቅምት ወዲያ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 24ኛ ምዕራፍ ጌታችን ሽሽት በክረምት እንዳይሆን ጸልዩ ሲል የሚናገረውን የኛ ሰው ያለ አስተርጓሚ የሚረዳውም ክረምት ሲባል ጭቃና ሙሉ ወንዝ ስለሚታየው ነው። ሰኔ 26 እና መስከረም 25 የሚሉት ቀናት ግን ከሌላ አገር የተቀዱ ሳይሆኑ በራሳችን ሰማይና መሬት ልክ የተሰፉ ናቸው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ክረምትን የሚቆጥረው ከሰኔ እስከ መስከረም በመሆኑ ሁለቱ አቆጣጠሮች በመጨረሻው ላይ ይገናኛሉ።

ወደ ቦታው እንሂድ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራ በበኩሏ በሆሳዕና መንገድ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ቀድሞ ሁለቱም በአንድ ዞን ሥር የነበሩ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በመካከላቸው ወደ 3,700 ሜትር የሚደርሰው የዘቢዳር ተራራ ከነሰንሰለቱ ቆሟል። በተራራው ምዕራብ የወረደው ዝናብ በዋቤ ወንዝ አድርጎ ወደ ጊቤና ኦሞ ሲሄድ፣ በምሥራቅ የወረደው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይፈስሳል። ስለዚህ በአንድ ቀን በወልቂጤ ጭጋግ ሲሆን በቡታጅራ ፀሐይ፣ በቡታጅራ በረዶ ሲወርድ በወልቂጤ ካፊያ ቢሆን አይገርምም።

የጉራጌ ቤት ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ከደጁ ጀፎሮ የሚባለው ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ ተዘርግቷል፤ ከብቱ ይግጥበታል፣ ሠርጉም ለቅሶውም ይስተናገድበታል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጓሮው አለ። ለግድግዳው ቅርብ በሆነው ቦታ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና ሌላው ቅመማ ቅመም፣ ከዚያ ወዲያ በየዕድሜው የተደረደረ እንሰት ይታያል። የከብቱ ፍግ በእናቶች ጀርባና ራስ ወደዚያ ስለሚጓጓዝ መሬቱ ጥቁርና ለምለም ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ መጥራቱ ይህንኑ አይቶ ነው።

ጓሮው ከነሐሴ 1 እስከ 16 ባለው ጾመ ፍልሰታ የቤቱ ጓዳ ይሆናል። ቅቤና አይብ ተከልክሎ፣ ጎመን ያለ ቅባት ወይም በዘይት ተሠርቶ ከቆጮ ጋር ይቀርባል። ጾሙ ሲፈታና መስቀል ሲቃረብ ያው ጎመን ተቀቅሎና ደቅቆ፣ በቅቤና በአይብ ተለውሶ፣ ከእርዱ ቀን አስቀድሞ በየቤቱ የሚበላው የጎመን ክትፎ ይሆናል። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ አንዱ የጎመን መደብ ጾሙንም ፍስኩንም ያስተናግዳል ማለት ነው።

የቁራ ልጆች ሰሞን በእንሰት አገር ከእህል አገር ቀለል ብሎ የሚያልፈውም በዚሁ ጓሮ ምክንያት ነው። እንሰት እንደ ቦታውና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ድረስ በቁሙ ይቆያል፤ ሲያስፈልግ ይቆረጣል፣ ካላስፈለገ ይጠበቃል። ተፍቆ በጉድጓድ የተቀበረውም ቆጮ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቀመጣል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አገሪቱን ባስጨነቀበት ጊዜ እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ከእህል አብቃዮቹ በተሻለ መቋቋማቸው ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ተክል ላይ ይተዳደራል ይባላል። በከተሞቹ ዙሪያ እንሰቱ እየተነቀለ ጫትና ባሕር ዛፍ መተካቱን ስናይ ግን እንጨነቃለን። ጫቱ ገንዘብ እንደሚያስገኝ አንክድም፤ በነሐሴ ማታ ለልጅ የሚቆረስ ነገር ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ክረምቱ ጅራት እንምጣ። በሐምሌ ዝናቡ ሳያቋርጥ ስለሚወርድ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ቦይ ይቀደዳል፣ ጣራ ይጠገናል። በመስከረም ግን ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ማታ አንድ ከባድ ዶፍ ወርዶ ያበቃል። ይህ መፈራረቅ ለጓሮ ከተከታታይ ዝናብ ይልቅ ይከብዳል። በሐምሌ የተቀደደው ቦይ በአረምና በደለል ተሞልቷል፤ መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል፤ ስለዚህ አንዱ ዶፍ በጎመኑ መደብ ላይ ይተኛል። ሥሩ በውሃ የታፈነ ጎመን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቢጫ ይሆናል። በሌሊት እርጥበት ቀንድ አውጣው ይረባል፣ የታችኛው ቅጠል ይበሰብሳል። እንሰትም ቢሆን ውሃ የሚወድ እንጂ ውሃ የቆመበትን መሬት የሚወድ አይደለም።

በደጋው በኩል፣ በጌታና በጉመር አቅጣጫ፣ ድንች ያለው ቤተሰብ ሥጋት ሌላ ነው። ቅጠሉን አጥቁሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳውን የሚያቃጥለው የድንች በሽታ የሚስፋፋው ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲሰነብት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀውና ያሰደደው ረኀብ መነሻው ይኸው በሽታ እንደነበር ይታወቃል። የአየርላንድ ድሆች ከድንች በቀር ሌላ አልነበራቸውም፤ የጉራጌዋ እናት ግን ድንቹ ቢጠፋባት ጎመኑ፣ ጎመኑ ቢበሰብስባት እንሰቱ አለላት። ጓሮን በብዙ ዓይነት መትከል በቃል የተማሩት ሳይሆን ከአያት የወረሱት ጥበብ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደውን ጉዳይ እናንሳ፤ እርሱም የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም አስታወቁ። በበሽታው የተያዘ እንሰት በመጀመሪያ የመካከለኛው ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል በነፍሳትና ሥር በሚበሉ እንስሳት፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው በእጁ በሚይዘው ቢላዋና ቆንጨራ ይተላለፋል።

እንግዲህ መስቀል ሲደርስ የሚሆነውን አስቡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በየቤቱ እንሰት ይቆረጣል። ቅጠሉ ለቆጮ መጠቅለያ፣ ለሥጋ ማቅረቢያና ለወለል ጉዝጓዝ ይፈለጋል። እናቶች በደቦ ተሰባስበው ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ቢላዋ ከጎረቤት ይዋሳል፤ የክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ የሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ይሰጣል፤ መዋዋሱ ራሱ የፍቅር ምልክት ነውና ማንም እምቢ አይልም። መሬቱም እርጥብ ነው፣ የተቆረጠውም ቁስል ቶሎ አይደርቅም። ከአንድ የታመመ ተክል የነካ ስለት እስከ ማታ ድረስ ስንት ጓሮ ሊያዳርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በበዓሉ ሰሞን የገባው በሽታ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ፣ እንግዶቹ ሁሉ ወደ ከተማ ከተመለሱ ወዲያ በመሆኑም መነሻውን የሚያውቅ የለም።

መከላከያው ከባድ አይደለም። አንድ ተክል ተቆርጦ ወደ ሌላው ከመሄድ አስቀድሞ ስለቱን በእሳት ለብለብ ማድረግ ወይም በረኪና በተጨመረበት ውሃ መንከር ይበቃል። የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ርቆ በጥልቅ መቅበር፣ በነበረበት ቦታ ወዲያው እንሰት አለመትከል፣ ከብትም ቅጠሉን እንዳይበላ መከልከል ነው። በመስቀል ሰሞን እሳቱ በየቤቱ ሌት ተቀን ስለማይጠፋ ቢላዋን ለመለብለብ የሚጠይቀው አፍታ ብቻ ነው። ካህናትም በየአጥቢያው በደመራ ዋዜማ ከሚያስተላልፉት ማስታወቂያ ጋር ይህን ቢጨምሩት ከአገልግሎታቸው የሚወጣ ነገር አይደለም እንላለን፤ ቅዳሴያችን ስለ ዝናሙ፣ ስለ ምድር ፍሬና ስለ ዕፅዋት የሚለምን ነውና።

የቆጮ ጉድጓዱም በዚህ ሰሞን ዓይን ይፈልጋል። ቆጮ በሞቃት ቦታ በሳምንታት ውስጥ ሲብላላ በብርድ ቦታ ወራት ይፈጅበታል። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በድንጋይ ቢጫንም ቅጠሉ በክረምቱ ርዝመት ይደክማል፤ የመስከረም ዶፍ በስንጥቁ ከገባ ውስጡን ያበላሸዋል። ቅጠሉን መቀየሪያው ጊዜ እንግዲህ ይህ ነው። ነገር ግን የቤቱ እመቤት በዚያው ሳምንት ቅቤ ታነጥራለች፣ ግድግዳ ትመርጋለች፣ ወለል ትለቀልቃለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። አንድ ሰው ሁሉን እንዴት ይችላል?

ይህ ጥያቄ ወደ መጪዎቹ ያደርሰናል። የጉራጌ ተወላጅ በንግድ ምክንያት በመላ አገሪቱ የተበተነ ቢሆንም ለመስቀል አገር ቤት መግባት ለእርሱ ግዴታ ያህል ነው። ወላጅን መጠየቅ፣ ምርቃት መቀበል፣ የተጣላን ማስታረቅ ሁሉ የሚፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። መንገዱም ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቋቋሙት፣ በዚያው ዘመን ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው መንገድ ሕዝቡ የራሱን መዋጮ ያሰባሰበው ከክረምት ጭቃ ጋር ሲታገል በመኖሩ ነው። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት ሆነዋል። ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ የሚገባው መንገድ ግን እስከ መስከረም መጨረሻ ማጥ ነው፤ የከተማ ጫማ ያደረገ ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲዘፈቅ ልጆች ይሳሳቁበታል።

ልጆቻቸው ሁሉ ከተማ ለገቡባቸው አረጋውያን ጓሮ የዓመት ሸክም ሆኗል። ልጅ ስኳርና ቡና፣ ጋቢና ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም ቦይ ለመክፈት ጉልበት ያለው ሰው በቤቱ የሚገኘው በዓመት ውስጥ በዚያ ሳምንት ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ለሁለት ሰዓት አካፋ መያዝ፣ የጉድጓዱን ድንጋይ ማንሳት፣ የጠወለገ እንሰት ካለ ነቅሎ መቅበር ለሰባ ዓመት እናት የማይቻል፣ ለሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ግን ቀላል ሥራ ነው። መስከረም 18 ወይም 19 ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳለች፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ዝናብ ሳይደርስ ቢሠራ ደግሞ ለክረምቱ ቀሪ ቀናት ይደርሳል።

በዕለት ኑሮ በኩል ያለውን በአጭሩ እንለፈው። እርጥብ ማገዶ በጎጆው ጢሱን ያበዛዋል፤ የሕፃናትና የእናቶች ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ይሰነብታል። የደመራው እንጨት ካልደረቀ ሲለኮስ ያስቸግራል፤ ደመራው ወደየት ወደቀ ብሎ የዓመቱን ነገር የሚተነብይ ሰው ብዙ ቢሆንም፣ አንዳንዴ የሚወስነው ነፋሱና የእንጨቱ እርጥበት እንደሆነ ፈገግ ብለን እናልፈዋለን።

ወባ ግን በፈገግታ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ውሃው በየጉድጓዱ በሚያቁርበት ጊዜ ነው። በጊቤ ሸለቆ አቅራቢያ ያሉት የወልቂጤ ዙሪያ ቆላዎች ይህን ጥንትም ያውቁታል። በቡታጅራ ዙሪያ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ በሽታው ከ2,000 ሜትር በላይ በሆኑ መንደሮችም እንደሚገኝ አሳይተዋል። ስለዚህ ቦይ መክፈት ለጎመኑ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ከአጎበሩ ጋር ለልጆቹም ጭምር ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢሰማቸው የበዓል ድካም ነው ብለው አይቀመጡ፤ ደማቸውን ይመርመሩ።

ዝናቡ ሁልጊዜ ይረዝማል ማለታችን አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የኤልኒኖ ክስተት ዝናቡን አሳጥሮ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ከባድ ድርቅ ማስከተሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዝናቡ ከነሐሴ መጨረሻ ከተቋረጠ ዘግይቶ የተዘራው እህል ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል፤ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ከዘለቀ ደግሞ የደረሰው በማሳ ላይ ይበሰብሳል። በማረቆና በመስቃን የሚበቅለው፣ በቀለሙና በጣዕሙ በመላ አገሪቱ የሚፈለገው በርበሬ የሚቀላውና የሚለቀመው ከክረምቱ መውጣት በኋላ ስለሆነ ባለቤቶቹ በመስከረም ሰማይ ሰማይ ያያሉ። የቀላ በርበሬ ለስጥ ወጥቶ አንድ ቀን ዝናብ ከነካው ይሻግታል፤ በሻጋታ የተነካውም ቢደርቅ እንኳ ለምግብ አይሆንም። እናቶች ከጠዋት ጀምረው ስጡን የሚጠብቁት፣ ሸራውንም አጥፈው ከጎን የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።

መስከረም 25 ቀን ክረምት ይወጣል፤ በማግስቱ መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ይገባል። እስከ ኅዳር 5 ድረስ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። አደይ አበባው በየሜዳው ሞልቶ፣ የንቡ ድምፅ በየአጥሩ የሚሰማበት ጊዜ ነው። በጓሮው በኩል የተረፈው ጎመን ይኮተኮታል፣ ለበጋው የሚሆን ችግኝ በመደብ ላይ ይፈላል፤ በደጋው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ይዞት ለሚመጣው ውርጭ ለጋው የእንሰት ችግኝ መሸፈኛ ይዘጋጅለታል። ጥቅምት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ለማክበር በሶዶ ወደሚገኘው ምድረ ከብድ ገዳም የሚጓዘው ምእመን መንገዱን ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል።